ለምን ሁሉም 15? በእንግሊዝ ተማሪዎች አስፈሪ ፊልም የዕድሜ ደረጃ አመራረጥ ላይ ሂሳዊ ዳሰሳ

በእንግሊዝ የሚዲያ ጥናት የሚማሩ የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ኦሲአር ከተባለው የፈተና ቦርድ ለዓመታት የሚሰጣቸው አንድ የታወቀ የተግባር ሥራ ነበር። የአንድ አዲስ ልብ ወለድ ፊልም መክፈቻ፣ የተዋንያኑና የባለሙያዎቹ ስም ከሚወጣበት ጽሑፍ ጋር፣ ከሁለት ደቂቃ ሳይበልጥ መሥራት ነበር። ቀረጻው የራሳቸው መሆን ነበረበት። ሥራው ሲያልቅ ሰባት የግምገማ ጥያቄዎች ይመልሱ ነበር፤ ከሰባቱ አንዱ የፊልሙ ተመልካች ማን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። አስፈሪ ፊልም ለዚህ ሥራ ተወዳጅ መሆኑ አይገርምም። ጫካ በነጻ ይገኛል፤ ኮፍያ ያለው ሹራብ ሁሉም ቤት አለ፤ ጨለማው ደግሞ የመብራት እጥረትን ይሸፍናል። የዕድሜ ደረጃው ላይ ሲደረስም መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ 15።

ምክንያቱ ራሱም አንድ ዓይነት ነው። 18 ቢባል ዋነኛው ተመልካች፣ ማለትም ጎረምሳው፣ በር ላይ ይቀራል። 12ኤ፣ ማለትም ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር የሚገባበት ደረጃ፣ ቢባል ፊልሙ የልጆች ይመስላል። ስለዚህ መካከለኛው ይሻላል። ይህ ክርክር ስህተት ባይሆንም የአከፋፋይ ክርክር ነው፤ ቲኬት የሚሸጥ ሰው እንዲህ ያስባል። ፊልም የሚሠራ ሰው ግን ሌላም ነገር መጠየቅ ነበረበት። በዚህ አሠራር ቁጥሩ ፊልሙ ሳይቀረጽ ይመረጥና በመጨረሻው ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ በመካከል ባለው ሥራ፣ በተለይም በኤዲቲንጉ፣ ላይ ምንም ተጽዕኖ የለውም። (የ17 ዓመቱ ዳይሬክተር 18 ብሎ ቢጽፍ የገዛ ፊልሙን ሲኒማ ገብቶ ማየት እንደማይችል የሚያስተውል ያለ አይመስለኝም።)

ቁጥሩን የሚሰጠው አካል ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የብሪታኒያ የፊልም ሳንሱር ቦርድ በ1912 ሲቋቋም የነበሩት ደረጃዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ለሁሉም የሚሆን «ዩ» እና ለአዋቂ ይስማማል የሚባል «ኤ»። የሆሊውድ የጭራቅ ፊልሞች በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲጎርፉ ቦርዱ በ1932 «ኤች» የምትባል ፊደል ጨመረ፤ ትርጉሟም ፊልሙ አሰቃቂ ነው የሚል ነበር። መጀመሪያ ለወላጆች ምክር ብቻ ነበረች፤ በ1937 ከ16 ዓመት በታች ያሉትን የምታግድ ሆነች፤ በ1951 ደግሞ ቦታዋን «ኤክስ» ለተባለ ደረጃ ለቀቀች። ዛሬ የምናውቃቸው 15 እና 18 በ1982 መጡ፤ 12 በ1989፣ 12ኤ በ2002 ተከተሉ። በእኔ እይታ ከዚህ ሁሉ ልዩ የሆነችው «ኤች» ናት፤ የፊልሙን ዘውግ በስሙ የጠራች ብቸኛ ምልክት እርሷ ነበረችና። እርሷ ስትሄድ ስለ ፍርሃት የሚነገረው ሁሉ ወደ ዕድሜ ቋንቋ ተለወጠ። ተማሪው ዛሬ የሚወርሰው ያንን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የተሸከመውን ጥያቄ ግን አይወርስም።

ጥያቄው፣ ማለትም ፍርሃቱ ምን ዓይነትና ምን ያህል ነው የሚለው፣ በቦርዱ መመሪያ ውስጥ አሁንም አለ። ለ12ኤ የሚፈቀደው መካከለኛ ፍርሃት ነው፤ አስፈሪ ትዕይንቶቹ መደጋገምም መርዘምም የለባቸውም፤ አንዳንዱ ትዕይንት ቢረብሽ እንኳ የፊልሙ አጠቃላይ ድባብ ረባሽ መሆን የለበትም። ለ15 ጠንካራ ስጋትና አሰቃቂነት ይፈቀዳል፤ ሆኖም በማሰቃየት የሚደሰትን ጭካኔ እየጎተቱ ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም። ልብ ብሎ ላነበበው እነዚህ መለኪያዎች በአመዛኙ የጊዜ መለኪያዎች ናቸው። ስንት ጊዜ? ምን ያህል ቆየ? ተመልካቹ መቼ ትንፋሽ አገኘ? ደምን ብቻ ቆጥሮ ደረጃ የሚሰጥ ተማሪ የወጥን ቅመም በቅላቱ እንደሚለካ ሰው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚያስተምረው የ2012ቱ «ዘ ውመን ኢን ብላክ» ነው። ዳይሬክተሩ ጄምስ ዋትኪንስ፣ ዋና ተዋናዩ ከሃሪ ፖተር ገና የወጣው ዳንኤል ራድክሊፍ፣ ምንጩም የሱዛን ሂል የ1983 ልብ ወለድ ነው። አከፋፋዩ 12ኤ ፈለገ፤ ቦርዱ በበኩሉ ፊልሙ እንዳለ ለ12ኤ እንደማይሆን ገለጸ። ከዚያ የተደረገው ነገር ትንሽ ነው። 6 ሴኮንድ ያህል ተቆረጠ፤ አንዳንድ ምስሎች እንዲጨልሙ፣ አንዳንድ ድምፆችም ዝቅ እንዲሉ ተደረገ። ፊልሙ በ12ኤ ወጣ። ሆኖም ለዚህ ደረጃ ከልክ በላይ ያስፈራል የሚሉ አቤቱታዎች መጡ፤ በዚያ ዓመት ቦርዱ ከማንኛውም ፊልም የበለጠ አቤቱታ የተቀበለው በእርሱ ላይ ነው፤ ቁጥራቸው 134 ነበር።

አቤቱታ አቅራቢዎቹ ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ለጊዜው ልተወው። ለፊልም ሠሪ የሚጠቅመው የተቀነሰው ነገር ዓይነት ነው፤ የድምፅ መጠንና የብርሃን መጠን። በ12ኤ እና በ15 መካከል ያለው ድንበር በከፊል በድምፅ ማቀናበሪያው ላይ የተሠመረ ነው ማለት ነው። አቤቱታው ደግሞ የዚህን ስሌት ገደብ ያሳያል። ሴኮንዶቹ ቢወጡም ባዶው ቤት፣ ረጅሙ ኮሪደር፣ ከተዋናዩ ጀርባ በደብዛዛው የሚታየው ፊት በቦታቸው ነበሩ። ልጆቹን ያስፈራቸው ቦርዱ ያስቆረጠው ነገር ሳይሆን መቁረጥ የማይቻለው ድባብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ቦርዱ ራሱ ቀደም ብሎ በሌላ ፊልም አይቶታል። የቶብ ሁፐር «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር» በስሙ የመጋዝ እልቂት ይሁን እንጂ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ደም ጥቂት ነው። ቦርዱ በ1975 ከለከለው። በኋላ ጄምስ ፈርማን በቦርዱ ኃላፊነት ላይ ሳለ በመቁረጥ ሊያድነው ሞከረ፤ አልተሳካም። ችግሩ በአንድ ትዕይንት ላይ አልነበረም፤ የአንዲት ሴት ሽብር ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነበር፤ ይህን ደግሞ መቀስ አያወጣውም። ፊልሙ ሳይቆረጥ በ18 የተፈቀደው ፈርማን ከሄደ በኋላ፣ በ1999 ነው። ከአትላንቲክ ማዶም ተመሳሳይ ታሪክ አለ፦ የጄምስ ዋን «ዘ ኮንጁሪንግ» በ2013 በአሜሪካ «አር» የተባለው ጥብቅ ደረጃ ሲሰጠው ሠሪዎቹ ይህን ብንቆርጥ ደረጃው ይወርዳል የሚሉት ትዕይንት አላገኙም፤ ፊልሙ በጠቅላላው አስፈሪ ስለነበረ ነው። በብሪታኒያ 15 ሆነ።

እንግዲህ ወደ ሁለት ደቂቃዋ መክፈቻ እንመለስ። እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ እንቅፋት አለ፤ ድባብ የሚመዘነው በሙሉ ፊልም ላይ ነው፤ ተማሪው ግን መግቢያውን ብቻ ይዟል። ስለዚህ 15 ሲል በእጁ ስላለው ፊልም ሳይሆን ስላልተሠራው 88 ደቂቃ ይናገራል። መምህራን ይህን በቸልታ ያልፉታል፤ ሊያልፉት ግን አይገባም። መክፈቻ ቃል መግቢያ ነውና የደረጃው ጥያቄ መነሳት ያለበት ከዚህ ነው፦ ይህ አጀማመር ለተመልካቹ ምን ዓይነት ቀጣይ ሰዓት ቃል ይገባለታል? በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስት ጊዜ በድንገተኛ ጩኸት የሚያስደነግጥ ፊልም ከእያንዳንዱ ድንጋጤ በኋላ እፎይታ ይሰጣል፤ እንዲያውም ተመልካቹ ይስቃል። በአንድ በር ላይ 40 ሴኮንድ ቆሞ የማይከፍተው ፊልም ግን እፎይታውን ይነሳዋል። ሁለተኛው አንዲት ጠብታ ደም ሳያሳይ ወደ 15 ሊጠጋ ይችላል።

ከዚህ ተነስቼ ስናገር፣ አብዛኛው የተማሪ መክፈቻ ለብቻው ቢመዘን 15 የሚደርስ አይመስለኝም። አንዲት ልጅ በጫካ መንገድ ትሄዳለች፤ ቅርንጫፍ ይሰበራል፤ ትዞራለች፤ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ይታያል፤ ስክሪኑ ይጠቁርና ርዕሱ ይወጣል። ይህ 12ኤ ነው፤ ምናልባትም ወላጅ አይቶ ይወስን የሚባልበት ፒጂ። ተማሪው ይህ ሲነገረው ቅር ይለውና በማግስቱ ቢላዋና የቲማቲም ድልህ ይዞ ይመጣል። ይዞት መምጣት የነበረበት ግን የኤዲቲንግ ፋይሉን ነው፦ ልጅቷ ከዞረች በኋላ ያለችውን ሾት ማስረዘም፣ ሰውዬውን ከማሳየት ይልቅ የትንፋሹን ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ ርዕሱ ይዞት የሚመጣውን ከበሮ ማውጣት።

አንድ የተሻለ ልምምድ አለ። ቦርዱ ከቁጥሩ አጠገብ አጭር ማብራሪያ ያትማል፤ ፊልሙ ያንን ደረጃ ያገኘው በስጋቱ፣ በአሰቃቂነቱ፣ በስድቡ ወይም በሌላ ነገር እንደሆነ በጥቂት ቃላት ይናገራል። ለተማሪው ቁጥሩን ከልክሎ ይህችን መስመር ብቻ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። «ጠንካራ ስጋት» ብሎ ከጻፈ በየትኛው ሴኮንድ ላይ እንዳለ በጣቱ ማሳየት ይኖርበታል። ማሳየት ካልቻለ መስመሩ ወደ «መካከለኛ» ይወርዳል፤ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል። ውጤት የሚሰጠው መምህርም የተማሪውን የገበያ ትንታኔ ትቶ በዚያ ሴኮንድ ላይ ስላለው ምስልና ድምፅ ይነጋገራል።