የመጋዙ ዋጋና የጣቱ ዋጋ

ባለፈው የጥር ዕረፍት ከዘመዶቼ ጋራ በደራ ወረዳ ወደሚገኘው ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደን ነበር። ወደዚያ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ቁርጥማት የጸናበት ወይም ወገቡንና ጉልበቱን የሚያመው ነው። የአጎቴ ልጅ ግን ከሙቁ ውሃ የነከረው ቀኝ እጁን ብቻ ነበር፤ ከዚያ እጅ ላይ ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ ከግማሽ በላይ የሉም። ባሕር ዳር ከተማ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በለማጅነት ገብቶ ዓመት ሳይሞላው የመጋዝ መኪና ቆርጦበት ነው። እንዴት እንደ ደረሰበት ብጠይቀው የመለሰልኝ ቃል አጭር ነበር፤ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተዘናጋሁ» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ መልስ ነው። ዛሬ በውጭ አገር የሰው ሥጋ ሲነካው በቅጽበት የሚቆም መጋዝ ተሠርቶ ይሸጣል። ስለዚህ መጋዝ ሲነሣ የምሰማው አስተያየት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ወገን «የሰው አካል በገንዘብ አይተመንምና ማንኛውም ሥራ ቤት ሊገዛው ይገባል» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን «ለሀብታም አገር የተሠራ ነው፤ ለእኛ አይሆንም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ሁለቱም የመጋዙን ዋጋ ሲጠይቁ የጣቱን ዋጋ ማን እንደሚከፍል አይጠይቁምና።

የመጋዝ መኪና፣ ዛሬ በየሥራ ቤቱ «ማሽን» ብቻ የሚባለው፣ ለባሕር ዳር እንግዳ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ያስተምራቸው ከነበሩት ሙያዎች አንዱ የእንጨት ሥራ ቴክኖሎጂ ነበር፤ ኢንስቲትዩቱም እ.ኤ.አ. በ2000 ከመምህራን ኮሌጁ ጋራ ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ባጋጣሚ በዚያው በ1963 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ መኪና መከለያ የሚናገረውን 119ኛውን ስምምነት አውጥቷል፤ ይኸውም አደገኛው ክፍሉ ያልተከለለ መኪና እንዳይሸጥና እንዳይሠራበት የሚከለክል ነው። እንግዲህ ዕውቀቱ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ዛሬ በከተማው በየሰፈሩ የምናየው መኪና ግን ብዙውን ጊዜ እዚሁ ብየዳ ቤት የተሠራ ነው፤ የብረት እግር፣ ከላይ ገበታ፣ ከሥር ሞተር፣ በቺንጋ የሚዞር ዘንግ፣ ከገበታውም መሐል ብቅ ያለ ክብ ምላጭ። ዋንዛውም ባሕር ዛፉም ኮምፔንሳቶውም በዚሁ ያልፋል።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የእጅ ሥራ የተማርሁት በእጅ መጋዝ ነበር። የእጅ መጋዝም ጣት ይቆርጣል፤ ነገር ግን ሰውየው ሲያቆም እሱም ይቆማል። ክቡ ምላጭ እንዲህ አይደለም። የጐኑ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ ጥርሱ በሰከንድ 47 ሜትር ያህል ይሮጣል። ሰው ደንግጦ እጁን ለመሳብ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ጊዜ ያስፈልገዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምላጩ 10 ጊዜ ይዞራል፤ 40 ጥርስ ያለው ከሆነም 400 ጥርስ በአንዱ ጣት ላይ ያልፋል። ስለዚህ «ተጠንቀቅ» የሚባለው ምክር የሚረዳው እጅ ምላጩን ከመንካቱ በፊት ነው፤ ከነካ በኋላ ለጥንቃቄ የተረፈ ጊዜ የለም።

ይህን ለማረም የተነሣው ስቲቭ ጋስ የሚባል አሜሪካዊ፣ ፊዚክስ የተማረ የፓተንት ጠበቃ ነው። አሳቡን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ሶው ስቶፕ የተባለው ኩባንያው የመጀመሪያዎቹን መጋዞች በ2004 ሸጠ። ምላጩ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ይላካል። የሰው አካል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ ጣት ምላጩን ሲነካ ምልክቱ ይለወጣል፤ ወዲያው በሞላ ተወጥሮ የተያዘ የአሉሚኒየም ቁራጭ ወደ ጥርሱ ይወረወራል፤ ምላጩም በ5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ቆሞ ከገበታው በታች ይሰጥማል። እጅ በሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር እየተጓዘ ቢደርስበት፣ በዚያ ጊዜ ወደ ጥርሱ የሚገባው 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጣት ይቈረጥበት የነበረው አደጋ በፕላስተር የሚታሸግ ቁስል ይሆናል። የፈጠራውን ብልኅነት የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የእኔም ሒስ በዚህ ላይ አይደለም።

ነገር ግን ፍሬኑ አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ ያበቃለታል። አዲስ ፍሬን 100 ዶላር ያህል ያስወጣል፤ ምላጩም ብዙውን ጊዜ አብሮ ይበላሻል። ትንሹ መጋዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 900 ዶላር ያህል ነበር፤ ለትልቅ ሥራ ቤት የሚሆነው ከ3,000 ዶላር በላይ ይሄዳል። ብር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ100 ብር አልፏል። በ100 ብር ብቻ ብንመታው እንኳ ትንሹ መጋዝ 90,000 ብር፣ አንዱ ፍሬን 10,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይጨመር ነው። ፍሬኑን ለብቻው ገዝቶ ባለን መኪና ላይ መግጠምም አይቻልም።

በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እንዲህ ያለው መከላከያ በሕግ ግዴታ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳብ ሲያቀርብ፣ በ2015 ብቻ ከ30,000 በላይ ሰዎች በጠረጴዛ መጋዝ ምላጭ ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄዳቸውን፣ ከነዚህም ውስጥ ከ4,000 በላይ የሚሆኑት አካላቸው መቈረጡን ገምቷል። የአደጋውንም የዓመት ዋጋ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር አድርሶታል። የዚህ ገንዘብ ትልቁ ክፍል የሐኪም ወይም የደመወዝ ሒሳብ ሳይሆን ለሕመምና ለሥቃይ የተሰጠ ግምት ነው። ሌሎቹ መጋዝ ሠሪዎች ደግሞ ፓተንቱ በአንድ ኩባንያ እጅ ሳለ ሕግ ቢወጣ ገበያውን ለዚያ ኩባንያ መስጠት ነው ብለው ተከራከሩ፤ ይህም ክርክር ባዶ አልነበረም። የሆነው ሆኖ በማሳቹሴትስ ግዛት የተሰየሙ ዳኞች እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ መከላከያ በሌለው መጋዝ ለተጎዳ አንድ ሠራተኛ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ፈርደውለታል። እዚያ ጣት ሲቈረጥ የአንድ ኩባንያ የሒሳብ መዝገብ ይነካል።

በእኛስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኀላፊ ነው። ሠራተኛው ኢንሹራንስ ያልተገባለት እንደ ሆነና ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ካልቻለ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ካሳውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ አለ እንበል። የአምስት ዓመቱ ደመወዝ 180,000 ብር ነው። ሐኪሞች የጣቱን ማጣት ዐሥር በመቶ ቢሉት 18,000 ብር ያገኛል። ይህ የሁለት ፍሬን ዋጋ አይሞላም። ለሥቃዩስ ቢባል፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በወጣበት ዘመን 1,000 ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ዛሬ ግን የአንድ ፍሬን ዐሥረኛ እጅ ነው።

ስለ ለማጆች የተጻፈው ድንጋጌ ሳነበው አስገርሞኛል። ለማጅ ቢጎዳ ካሳው የሚታሰበው በለማጅነት በሚያገኘው ጥቂት ገንዘብ ሳይሆን ትምህርቱን ጨርሶ ባለሙያ ቢሆን ሊያገኝ በሚችለው ደመወዝ ነው። ሕጉ የልጁን ጣት የተመነው በነገው ዐናጢ ጣት ልክ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አስተሳሰብ አላውቅም። ነገር ግን የአጎቴ ልጅ የገባው በዘመድ ቃል ነው፤ ውል የለውም፤ ፊርማ የለውም። ባለቤቱ የቁስሉን ማሰሪያና ወደ አገሩ መመለሻ የመኪና ሒሳብ ከፈሉለት፤ እሱም አመስግኖ ሄደ። እንግዲህ ባለ ሥራ ቤቱ 90,000 ብር የሚያወጣውን መጋዝ ምናልባት ከቶ ከማይጠየቁት 18,000 ብር ጋራ ቢያወዳድሩ ስሌታቸው ልክ ነው፤ ጨካኝ ሰውም አያሰኛቸውም። ጐዶሎው መዝገቡ ነው። ትልቁ ወጪ ደራ ውስጥ በአንድ ገበሬ ቤት ተጽፎ ይኖራል።

አሁን «ማንኛውም ሥራ ቤት ይግዛው» ወደሚሉት ልመለስ። መጋዙ በነጻ ቢታደል እንኳ በእኛ ሥራ ቤት የሚጠበቀውን ያህል አያገለግልም። ምክንያቱ እንጨታችን ነው። የኤሌክትሪክ ምልክቱን የሚለውጠው ጣት ብቻ አይደለም፤ በጣም እርጥብ የሆነ እንጨትም፣ በእንጨት ውስጥ የተቀበረ ምስማርም ፍሬኑን ሊያስነሣ ይችላል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ ሞራሌም ምስማሩ በሚገባ ሳይነቀልለት ወደ መኪና ይቀርባል። ሠሪዎቹ ይህን ዐውቀው መከላከያውን ለጊዜው የሚያቋርጥ ቁልፍ አኑረውለታል። መጋዙ በጠፋ ቍጥር መከላከያው ስለሚመለስ ቁልፉ በየጊዜው መዞር አለበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ፍሬን፣ ማለት 20,000 ብር ያቃጠለ ባለ ሥራ ቤት ቁልፉን ከመኪናው ላይ የሚነቅለው ይመስላችኋልን? ውድ መጋዝ ገዝቶ እንደ ተራ መጋዝ ይሠራበታል።

ባሕር ዛፍ ሌላም ጠባይ አለው። ሲያድግ በግንዱ ውስጥ ውጥረት ይዞ ያድጋል። ሲሰነጠቅ ያ ውጥረት ይለቀቅና ሁለቱ ክፋዮች አንዳንዴ ይራራቃሉ፤ አንዳንዴም ተመልሰው ይገጥማሉ። ሲገጥሙ ምላጩን ከኋላው ይነክሱታል፤ የኋላው ጥርስ ወደ ላይ የሚነሣና ወደ ሠራተኛው የሚዞር ስለ ሆነ እንጨቱን አንሥቶ ይወረውረዋል። እንጨቱን ይገፋ የነበረው እጅ ድጋፉን ባንድ ጊዜ ያጣና ወደ ምላጩ ይወድቃል። የአጎቴን ልጅ ደጋግሜ ስጠይቀው በመጨረሻ የነገረኝ ይህንኑ ነው። የባሕር ዛፍ ሞራሌ ይሰነጥቅ ነበር፤ «እንጨቱ ያዘ፤ ከዚያ ሄደ፤ እጄ ገባ።» ይህ መዘናጋት ነውን?

ለዚህ መድኃኒቱ ከምላጩ በስተኋላ የሚቆም አንድ ስስ ብረት ነው። የአውሮፓ መጋዞች ያለ እሱ አይሸጡም። ክፋዮቹ እንዳይገጥሙ ይለያቸዋልና «መለያ ብረት» ልበለው። ውፍረቱ ከምላጩ አካል በልጦ ጥርሱ ከሚከፍተው ስንጥቅ ማነስ አለበት። የምላጩ አካል 2.2፣ ስንጥቁ 3.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2.5 ሚሊ ሜትር ብረት ይበቃዋል፤ ከጥርሱም የሚርቀው ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ የሚበየደው መኪና ምላጩ ከፍና ዝቅ የማይል ስለ ሆነ ብረቱን አንድ ጊዜ አስተካክሎ ማሰር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። መኪናውን የበየደው ሰው በግማሽ ቀን ይሠራዋል። በዚህ ላይ መግፊያ እንጨት ከውዳቂ ጣውላ ይቈረጣል፤ ዋጋ የለውም። የማብሪያውም ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ማብሪያውን ሳይመልስ ይተወውና ምላጩን ሊያጸዳ ይጐነበሳል፤ መብራቱ ሲመጣ መኪናው ብቻውን ይነሣል። ኮንታክተር ያለው ማብሪያ ቢሆን ሰው ዳግመኛ ሳይጫነው አይነሣም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ከአሉሚኒየሙ ፍሬን ይልቅ እኔ ይህን አስቀድማለሁ። (ጓንትን በሚመለከት አንድ ቃል፤ ደኅንነት ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ጓንት ነው፤ በሚዞር ምላጭ አጠገብ ግን ጓንት ተይዞ እጅን ይዞ ይገባልና ባይደረግ ይሻላል።)

ይህን አሳብ ባሕር ዳር ውስጥ ለአንድ አዛውንት ባለ ሥራ ቤት አቅርቤላቸው ነበር። ከውጭ የመጣ መኪና አላቸው፤ መከለያው ግን ተነቅሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «ልጄ፣ ቀጭን ቁራጭ ስሰነጥቅ መከለያው መንገድ ይዘጋብኛል፤ መስመሩንም አያሳየኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በቀጭን ሥራ ላይ መከለያው ያስቸግራል። ነገር ግን መከለያውን ሲነቅሉ መለያውን ብረትም አብረው ነቅለዋል፤ ሁለቱ በአንድ ማሰሪያ ተያይዘው የተሠሩ ናቸውና። መለያው ብረት ለብቻው ቢቀር ማንንም አያግድም። ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ከግድግዳው አውርደው ተመለከቱት፤ መልሰው ይግጠሙት አይግጠሙት ግን አላየሁም። ስለዚህ ጥፋቱ የባለቤቶቹ ብቻ አይደለም፤ የሁለቱን ሥራ ለይቶ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም።

ውዱ መጋዝ ተገቢ ቦታው የት ነው ቢባል፣ እኔ የምመልሰው የትምህርት ቤት ሥራ ክፍል ነው። እዚያ እንጨቱ ደርቆና ተመርጦ ይቀርባል፤ በየዓመቱ የሚመጡት እጆች ሁሉ አዲስ ናቸው፤ መዝገቡም የሕዝብ መዝገብ ስለ ሆነ የጣቱንም የመጋዙንም ዋጋ የሚከፍለው አንድ ኪስ ነው። ለአንድ ኮሌጅ 90,000 ብር ብዙ አይደለም። በዚያም ቢሆን መከላከያውን የሚያቋርጠው ቁልፍ በመምህሩ ኪስ ይሁን እንጂ በመኪናው ላይ ተሰክቶ አይደር።