በነሐሴ ደብረ ሊባኖስን አይታችኋል?

ካየሁት ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ከርሜያለሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጎጃም መንገድ፣ ፍቼ ሳይደረስ፣ ሜዳው ድንገት ተቆርጦ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድበት ቦታ አለ። ደብረ ሊባኖስ! «እሱንማ እናውቀዋለን፤ ጸበል ሄደናል፣ ግንቦት 12ን አንግሠናል» ትሉኝ ይሆናል። እኔ የምላችሁ ግን ገደሉን ነው። ገደሉንም በነሐሴ፣ ሰማይ ተቀዶ አፋፉ ሁሉ ውኃ ሲያወርድ!

እኛ የከተማ ሰዎች ክረምትን በር ዘግተን ነው የምናሳልፈው። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ጋቢ ደርቦ፣ በቆሎ እየጠበሱ፣ አደይ እስኪፈነዳ መጠበቅ ነው። የሽርሽር ወሬ ሲነሳ መልሳችን አንድ ነው፦ «መስከረም ይጥባና!» መስከረም ጠብቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ በኅዳር ወይም በጥር ስንሄድ ታዲያ ምን እናገኛለን? ገደሉ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ ውኃው ግን የለም። ከድንጋዩ ላይ የቀረው እርጥበት ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ አጠገብ ካሉት እይታዎች ሁሉ ትልቁ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚቆይ ነው፤ እኛ ደግሞ እነዚያኑ ሳምንታት መርጠን ቤት እንቀመጣለን!

መንገዱ ራሱ ገና ከእንጦጦ ጀምሮ ልብ ይሰቅላል። የእንጦጦን ጫፍ ስታልፉ አንድ ነገር አስቡልኝ፦ በስተደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ በስተሰሜን የወረደው ወደ ዓባይ። አንድ ደመና ያዘነበው ውኃ ከአንድ ተራራ ጫፍ ላይ ተለያይቶ አንዱ አፋር በረሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሌላው ግብፅ ይደርሳል! እኛም ከዚያ በኋላ የምንሄደው ከዓባይ ውኃ ጋር ነው። የሱሉልታ ሜዳ በጥቅምት የሚታጨደውን ሣር ታቅፎ ውኃ ላይ ተንሳፏል፤ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው አረንጓዴ ውስጥ ናቸው። ጫንጮን፣ ሙከጡሪን፣ ደብረ ጽጌን አልፋችሁ፣ ያ ሁሉ ሜዳ ለዘለዓለም የሚቀጥል ሲመስላችሁ፣ በስተቀኝ ትታጠፋላችሁ። ምድር እዚያ ላይ ታልቃለች።

የወሰደኝ ጓደኛዬ የፍቼ ልጅ ነው። የፖርቹጋል ድልድይ የሚሉት ጋ ስንደርስ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጭጋጉ ሸለቆውን እስከ አፉ ሞልቶት፣ ፈልቶ ሊገነፍል እንደደረሰ ወተት ከታች ወደ ላይ ይንፈቀፈቃል። የውኃው ድምፅ ግን አለ። ከእግራችን ሥር ይጮኻል፤ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም። «እንመለስ ይሆን?» አልኩት። «ቆይ፣ ይገለጣል» አለኝ። ቆየን። አንድ የንፋስ ሽውታ መጣና ጭጋጉ ከመሃል ተሰነጠቀ፤ መጀመሪያ ከማዶ ያለው ጥቁር ገደል ታየ፣ ቀጥሎ በገደሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ከያንዳንዱ ስንጥቅ ውኃ ይወርዳል! ከድልድዩ ሥር ያለፈው ወንዝ ደግሞ እዚያው እፊታችን ከአፋፉ ዘሎ ወደ ሸለቆው ይገባል፤ ግማሹ መሬት ሳይነካ ጉም ሆኖ ተመልሶ ፊታችንን ያርሰዋል።

ያንን ገደል አንድ ጊዜ በደንብ ተመልከቱት። ላይኛው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ከሥሩ ያለው ነጣና ቀላ የሚለው የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ደግሞ ዳይኖሰሮች ምድር ላይ በነበሩበት ዘመን የተጠራቀመ። ይህን ሁሉ ቆርጦ ያወረደው ውኃ ነው፤ ሥራውንም አላቆመም። በክረምት ስትቆሙ የምታዩት ሸለቆው ሲሠራ ነው። በበጋ የሚታየው ውጤቱ ብቻ ነው።

ድልድዩም ታሪክ አለው። በፖርቹጋሎች ስም ይጠራ እንጂ ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት፣ የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው፤ ዘመኑም 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ሲል ነው። ኖራው በሰጎን እንቁላል ተለውሷል የሚሉም አሉ። ስሙ ለምን ለራስ ዳርጌ እንዳልተሰጠ ይገርመኛል፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ የራስ ዳርጌ ድልድይ እላለሁ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ዛሬም ሥራ ላይ መሆኑ ነው። ደራሽ ውኃው ሥሩ እያገሳ፣ አንዲት እናት ጃንጥላ ይዘው፣ አህያቸውን እየነዱ፣ ቀና ብለው ሳያዩ ተሻገሩት።

ጭላዳዎቹስ! ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም በዱር አይኖርም፤ ኑሮውም ሣር መብላት ነው፤ ነሐሴ ደግሞ የሣር ወር ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ መንጋው ቁጭ ብሎ ይግጣል። አንዱን ወንድ በቅርብ አየሁት። በቂጡ እንደተቀመጠ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ ይነቅላል፤ መዳፉ ሲሞላ አፉ ውስጥ ይጨምራል፤ ፊቱ ያለው ሲያልቅ ሳይነሳ ሸርተት ይልና እንደገና ይጀምራል። ጎፈሩ ላይ የዝናቡ ጠብታ ተንጠልጥሏል፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከአረንጓዴው መሃል ይጮኻል። ነጎድጓድ ሲሰማ መንጋው በሙሉ ተነሳና እኛ ቁልቁል ለማየት እንኳ በፈራነው ገደል ላይ ቁልቁል ተበተነ። እነሱ ሌሊቱን የሚያድሩት እዚያ ነው። እባካችሁ ምግብ አትስጧቸው፤ የሚበቃቸው ሣር አላቸው።

ከዚያ ወደ ገዳሙ ውረዱ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱ የተጨፈጨፉበት፣ ያንን ሁሉ አልፎ የቆመ ገዳም ነው። ቅጥሩ ውስጥ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ከላይ ያያችሁትን አሁን ከታች ታዩታላችሁ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ገደል በክረምት ፏፏቴ በፏፏቴ ነው። ከጻድቁ ዋሻ የሚንጠባጠበውን ጸበል ሊጠመቅ የመጣው ምዕመን ነጠላውን አጣፍቶ በዝናብ ውስጥ ዳገቱን ይወጣል፤ ዝናቡን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።

ለመሄድ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በማለዳ ተነሡ፤ ኃይለኛው ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነውና። ቡትስ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ለስልካችሁ ላስቲክ ያዙ። ድንጋዩ እሬት የተቀባ ያህል ያዳልጣል፣ አፋፉ ላይ አጥር የለም፤ ልጆች ካሉ እጃቸው አይለቀቅ። ጭጋግ ካገኛችሁ ደግሞ አትመለሱ፣ ጠብቁት።

ቀኑንም ልምረጥላችሁ። ነሐሴ 24 የጻድቁ በዓል ነው፤ ለበዓሉ ከሄዳችሁ ሕዝቡ ራሱ ሌላ ጎርፍ ነው፣ እሱም መታየት አለበት። ለገደሉ የምትሄዱ ከሆነ ግን ከፍልሰታ ፍቺ እስከ በዓሉ ዋዜማ ያለውን ሳምንት ያዙ። ውኃው ገና ሙሉ ነው፣ መንገዱ አልተጨናነቀም፣ ረቡዕና ዓርብን ከተዋችሁ ደግሞ ስትመለሱ ጫንጮ ላይ ትኩስ የሰላሌ ወተት ትጠጣላችሁ። ዘንድሮ ሂዱ!