ያስተማረው መከራው ነው ወይስ ሰውየው?

የፊዚክስ ሊቁ የዶክተር ሙሉጌታ በቀለ ታሪክ ሲያጥር እንዲህ ይሆናል፦ ተማሩ፣ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ ተሸለሙ። መጨረሻው ያማረ ታሪክ ነው። ግን እህቶች፣ ይሄ አተራረክ አንድ ነገር ይሸፍናል፤ እኛን ሪያድ ያለነውን የሚጠቅመን ደግሞ ያ የተሸፈነው ነው።

መጀመሪያ ሥራቸውን እንይ። ዶክተር ሙሉጌታ የቲዎሪ ፊዚክስ ሰው ናቸው፤ ተፈጥሮን በወረቀትና በሒሳብ ይመረምራሉ። ዘርፋቸው ስታቲስቲካል ፊዚክስ ይባላል። ማንኪያ ትኩስ ሻይ ውስጥ ትተሽው ስትመለሺ እጀታው ግሎ ያቃጥልሻል አይደል? ብረቱ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ። አንዷን ነጥሎ መከታተል አይቻልም፤ ሁሉም ሲደመሩ ግን ሕግ አላቸው፤ ሙቀት በራሱ ጊዜ ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። የእሳቸው ትምህርት ስለዚህ ዓይነት ሕግ ነው።

አዲስ አበባና አሜሪካ ተምረው አገራቸው ገቡ። በደርግ ዘመን ታሰሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ እስር ቤት ቆዩ። እዚያም አብረዋቸው የታሰሩትን ያስተምሩ ነበር። ከተፈቱ በኋላ ሕንድ ባንጋሎር ሄደው ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ ተመልሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰብዓዊ መብት የሚሰጠውን የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ሰጣቸው።

ይሄን ሰምቶ «አየሽ፣ መከራ ያስተምራል» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። የቲዎሪ ሰው ላቦራቶሪ ባይኖረው እንኳ መጽሐፍ፣ የሥራ ባልደረባና ነፃ ጊዜ ይፈልጋል። እስሩ እነዚህን በጉብዝናቸው ወራት ነጠቃቸው፤ ዶክትሬታቸውም ዘገየ። እስር ቤቱ ምንም አላስተማረም። ያስተማሩት ሙሉጌታ ናቸው፣ እስር ቤቱ እያለም።

ከእሳቸው አራት ዓመት ቀደም ብሎ ይሄንኑ ሽልማት ያገኙትን ቻይናዊ ሹ ሊያንግዪንግን ተመልከቱ። እሳቸውም ፊዚክስ የተማሩ ናቸው። በ1957 «ቀኝ ዘመም» ተብለው ወደ ትውልድ መንደራቸው ተላኩ፤ እያረሱ የአንስታይንን ሥራዎች ወደ ቻይንኛ ተረጎሙ። አካፋው አልተረጎመም፤ ሰውየው ናቸው የተረጎሙት።

ይሄን የማነሳው የቃል ጨዋታ አምሮኝ አይደለም። ደመወዝ ሲያዝብሽ፣ እረፍት ስትከለከዪ፣ ስልክሽ ሲወሰድ «ቻይው፣ ያጠነክርሻል» የሚልሽ አለ። ጥንካሬሽን ለበደሉ ያስመዘግበዋል። እንዲያ ከሆነማ በዳዩ ሊመሰገን ነው! የኛ ቤት እስር ቤት ነው ማለቴ አይደለም፤ የሁላችንም ኑሮ አንድ አይደለም። ግን በደል በደል ነው፤ መብትሽን እየጠየቅሽም መማር ትችያለሽ።

ስለዚህ የዶክተር ሙሉጌታ ታሪክ ሲነገር ከሽልማቱ በፊት ያ የእስር ቤት ትምህርት ይነገር። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥሽው፣ ዶክትሬትም ዘግይቶ እንደሚያዝ ከእሳቸው እይው። አሥራ ሁለተኛን የጨረስሽው ደግሞ፣ መንፉሃ አርብ የምትገናኙ ከሆነ ወይ ማታ በድምፅ መልእክት፣ ለአንዷ እህትሽ ክፍልፋይ አስረጂያት። ያን ጊዜ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ፣ ችግሩ አይደለም።