በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ስለ መሣሪያ ሙቀትና እርጥበት አሰላል፤ አጭር ሂስ

ወደ ጥልቅ የማዕድን ጉድጓድ አየር የሚገባው ሙቀት ሦስት ዋና ዋና ምንጮች አሉት። አንደኛው ዓለቱ ነው፤ ሁለተኛው አየሩ ወደ ታች ሲወርድ የሚደርስበት መታመቅ ነው፤ ሦስተኛው እዚያው የሚሠሩት መሣሪያዎች ናቸው። ዛሬ እነዚህን ሁሉ አስመስሎ የሚያሰላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አይታጣም። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ፕሮግራሙን አይደለም፤ ለሦስተኛው ምንጭ የምንሰጠውን ቁጥር ነው።

ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ምንጮች ጽኑ መሠረት አላቸው። ደረቅ አየር 1,000 ሜትር ሲወርድ ሙቀቱ ወደ 9.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚጨምር ከፊዚክስ ሕግ እናገኛለን። የዓለቱም ሙቀት ተቦርቡሮ ይለካል። መሣሪያ ግን ይሠራል፤ ይቆማል፤ ያረጃልም።

ማልኮልም ማክፈርሰን በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስለ ከርሰ ምድር አየር ማዘዋወር በሚናገረው መጽሐፋቸው ነገሩን በሚገባ አስረድተዋል። የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይለቃል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 1.1 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ ከማቀዝቀዣና ከጭስ ማጠቢያ የሚተነው ሲታከልበት ግን በጉድጓድ ውስጥ የተለካው ከ3 እስከ 10 ሊትር ነው። ደራሲው ይህን ሰፊ ልዩነት ሳይሸሽጉ መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። እኛ ተማሪዎች ግን ከመካከሉ አንድ ቁጥር መርጠን እናስገባና ግምት መሆኑን እንረሳለን።

የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት። 200 ኪሎዋት ኃይል አለው ተብሎ የተጻፈበት መጫኛ መኪና ያለ ዕረፍት በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ፥ ሙቀቱ 600 ኪሎዋት ይሆናል፤ በሰዓትም 60 ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈጃል። የነዳጅ መዝገቡ ግን በአማካይ 20 ሊትር ቢያሳየን፥ እውነተኛው አማካይ ሙቀት 200 ኪሎዋት ገደማ ነው። በሰሌዳው የተመራ ሰው ሦስት እጥፍ ተሳስቷል። ይህ 200 ኪሎዋት በሴኮንድ 20 ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ቢገባ የአየሩን ሙቀት ወደ 8 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያው ሙቀት በሰዓት 80 ሊትር ውሃ የሚያተን ካለ ግን ጭማሪው 6 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ የቀረው በእንፋሎቱ ውስጥ ተሸሽጎ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ውሃው በመትነኑ የእርጥብ ቴርሞሜትር ንባብ ብዙም ስለማይለወጥ፥ የውሃው መጠን አያሳስብም ይባላል። በመኪናው አጠገብ ላለ አየር ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከዓለቱ ጋራ ሙቀት መለዋወጥን የሚገዛው በአብዛኛው የደረቁ ቴርሞሜትር ንባብ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ አየር ከትኩስ ዓለት የበለጠ ሙቀት ይስባል። ስለዚህ በመኪናው ዘንድ ያልታየው ስሕተት ከመንገዱ ማዶ ባለው ሠራተኛ ላይ ይደርሳል።

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። በእርጥበት በተሞላ አየር ላብ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ገላ አይቀዘቅዝም። ግምታችን ከልክ ሲያልፍ ለማቀዝቀዣ የሚወጣው ገንዘብ ይባክናል፤ መኪናው በሚበረታበት ሰዓት በአማካዩ ብቻ ስንመራ ደግሞ ሰው ይጎዳል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። ከሰሌዳው ይልቅ የነዳጅ መዝገቡ ይታይ፤ አማካዩና ከፍተኛው ለየብቻ ይሰላ፤ ከመኪናው በፊትና በኋላ ሁለቱም ቴርሞሜትሮች ይነበቡ። የአየሩ መጠን ከታወቀ፥ የውሃውን መጠን ከእነዚህ ንባቦች ማውጣት ይቻላል። ይህ ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚያወጣልን መልስ፥ ምንም ያህል በአሥርዮሽ ቢዘረዘር፥ የራሳችን ግምት ተመልሶ መምጣቱ ነው።