ጉዳት ያልደረሰበት ሰፈርም ይጠና

በግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም የአመፅ ምልክቶችን አስቀድሞ ሰብስቦ እርምጃ መውሰድ ለሚችል አካል በማሳወቅ ሙያ፣ አዲስ የሚገቡ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔ፣ በአዳማ፣ በባቱና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች የደረሰው ጥፋት አስቀድሞ ለምን አልታወቀም? ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ፣ ተጨማሪ መረጃና የተሻለ የኮምፒዩተር ትንበያ ያስፈልጋል የሚለው፣ ስሕተት ነው። ምልክቱማ ነበረ፤ ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ ቦምብ ይዟል በተባለ ወሬ ብቻ አንድ ሰው በደቦ ተገድሎ ቁልቁል ተሰቅሏል፤ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አዳማን ጨምሮ በብዙ ከተሞች በተነሣው ሁከትም 86 ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት ራሱ አስታውቋል።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባወጣው የምርመራ ሪፖርት በሰኔው ጥፋት 123 ሰዎች መሞታቸውን ከመግለጹም በላይ፣ ተጎጂዎች የድረሱልን ጥሪ ሲያሰሙ ከአንዳንድ ኃላፊዎች ያገኙት መልስ ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም የሚል እንደ ነበር አስፍሯል። ይህም ስቲቨን ዊልኪንሰን የተባለው ተመራማሪ ስለ ሕንድ ካቀረበው መከራከሪያ ጋር ይገጥማል፤ በእርሱ ጥናት ሁከት የሚቆመው ወይም የሚቀጥለው ፖሊስን የሚያዙት ፖለቲከኞች በሚሰጡት ትእዛዝ ነው።

ሆኖም ትእዛዝ ብቻውን ሁሉን አይገልጥም፤ በአንድ የክልል አስተዳደር ሥር ባሉ ከተሞች፣ አልፎም በአንዲት ከተማ ሰፈሮች መካከል፣ ጉዳቱ እኩል አልነበረምና። አሹቶሽ ቫርሽኒ የሕንድን ከተሞች ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ የሂንዱና የሙስሊም ነዋሪዎቻቸው ድርሻ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ አንዷ ስትታመስ ሌላዋ ለምን ሰላም እንደምትሆን ሲመረምር፣ ልዩነቱን ያገኘው ሁለቱን ወገኖች በአንድነት በሚያደራጁ ማኅበራት ውስጥ ነው፤ በትልልቅ ከተሞች የጎረቤት ሰላምታና ቡና መጠራራት ብቻውን እንደማይበቃም አሳይቷል። የክስተት መዝገብ፣ ማለትም ግጭቶችን በቀን፣ በቦታና በሟቾች ቁጥር የሚያሰፍር ሰንጠረዥ፣ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ የተገታ ጥቃት በሰንጠረዡ ውስጥ መስመር አይኖረውምና። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርጅት በሆነው የኢጋድ አባል አገሮች ስምምነት በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተቋም፣ ሴዋርንም፣ ሥራውን የጀመረው በአርብቶ አደር ድንበሮች ስለ ነበር፣ ያወረሰው ልምድ ከከተማ ሰፈር ይልቅ ለከብት ዘረፋ የሚስማማ ነው።

ቫርሽኒ በሕንድ ካጠናቸው ማኅበራት አንጻር በአዳማ ሊጠና የሚገባው ዕድር ነው። የሰፈር ዕድር፣ ማለትም ነዋሪዎች ለቀብርና ለኀዘን በየወሩ የሚያዋጡበት ማኅበር፣ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ ጉራጌውንና ሌላውን በአንድ ድንኳን የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ በትውልድ ቦታ ወይም በብሔር የተደራጀ ዕድር ግን በዚያው ሰፈር ውስጥ ሰውን ለይቶ ሊያኖር ይችላል፤ ስለዚህ የሚቆጠረው የዕድሮች ብዛት ሳይሆን አባሎቻቸው እነማን እንደ ሆኑ ነው። የዕድሩ መሪ፣ ማለትም ዳኛው፣ የየቤቱን ስልክ ያውቃል፤ በ2012ቱ ሰኔና ሐምሌ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተመሠረተ ክትትል ሁሉ ሲታወር፣ የዕድር ጥሩንባ ግን መስመር የሚቆርጥበት አልነበረም። በዚያ የጥፋት ሳምንት ማን ለማን ደወለ፣ ማን ማንን በቤቱ ሸሸገ፣ የትኛው ዳኛ ወጣቶቹን ከበር መለሰ የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የትንበያ ቀመር የበለጠ ዋጋ አለው።

ዓመታትን በዚህ ሥራ ያሳለፈ ሰው ከተሞችን በሟቾቻቸው ቁጥር ማወቅ ይለምዳል፤ የመንገዶች መገናኛ የሆነችው ሻሸመኔ የአንድ መከራ ስም ብቻ ትሆንበታለች፤ ይህም ሙያው በባለሙያው ላይ የሚያደርሰው ከባዱ ጉዳት ነው። ጎረቤቱን የሸሸገ ሰው ታሪክ ሲመዘገብ ግን ባለሙያው ሥራውን የጀመረበት ምክንያት ይመለስለታል። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋትን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1941 ዓ.ም. ከሁሉም አገሮች ቀድማ ያጸደቀች አገር ናት፤ የመከላከሉን ዕውቀት ከሌላ አገር ከተሞች ብቻ መዋስ አይገባትም። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ የሚገኙት የዕድር ዳኞች ያን ሰኔ በሚገባ የሚያስታውሱ ሳሉ፣ የአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ሄደው ይጠይቋቸው።