ቀያሹና መሪው፦ ስለ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የሕይወት ታሪክ

ጆርጅ ዋሺንግተን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1749 ዓ.ም. ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በቨርጂኒያ የመሬት ቀያሽ ሆኖ ተሾመ፤ ኋላም የአገሩ መሪ ሆነ። በእኛ አገር ለዚህ ዐይነቱ ሰው የሚቀርበውን ብንፈልግ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይታሰቡናል። ቀያሽ ተብለው ባይሾሙም፣ በሩስያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በጨርጨርም አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የቈረቈሩ ናቸውና።

በ1969 ዓ.ም. ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ያወጣው «የሕይወቴ ታሪክ» ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የጣመን በልጅነቱ ክፍል ነው። ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ዐድዋ የደረሰው፣ ከዚያም ሩስያ የገባው ልጅ አንባቢውን እጁን ይዞ ይወስደዋል። ወደ ሹመቱ ዘመን ሲደርስ ግን የሚናገረው ገዥው ነው።

በቦሌና በየካ በኩል የምንኖር ሰዎች የጤፍ እርሻ የነበረው ሜዳ ሲቀየስና ሲሸነሸን ያየን ነን። በወረቀቱ ላይ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ እርሻውን ለቆ የሄደው ሰው ግን አይታይም። የጨርጨሩን ታሪክ ስናነብ ይህ ነገር ከሐሳባችን አልጠፋም። አሰበ ተፈሪ የማን ሐሳብ እንደ ሆነች ስሟ ራሱ ይናገራል፤ የማን ማሳ እንደ ነበረች ግን ከባለማሳው አፍ አንሰማም።

በጃፓን ሕገ መንግሥት አብነት አርቅቀውት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው ሕገ መንግሥትም ከዚህ አይርቅም። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባሎች መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡለት ይላል። መቼም የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የበረታበት ሰነድ ስለ ሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በአርቃቂው ላይ መጫን አይገባም።

ተገዥው ሲናገር የምንሰማው «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በተባለው ተውኔታቸው ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው ይህ ሥራ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ታየ። በተረት ተሸፍኖ የመንግሥቱን አሠራር ስለ ነቀፈ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ጨርጨርን የገዙት፣ ሕጉንም ያረቀቁት እኒሁ ሰው መሆናቸውን ስናስብ ይደንቀናል። እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ መምህራን የሕይወት ታሪኩን ለተማሪዎቻቸው ሲሰጡ፣ «ፋቡላ»ን አስቀድመው ቢያስነብቡ እንወድዳለን።