ጉደኛዋ አውራ ንብ!

ኧረ ጉድ ነው! የንብ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ነገር ካወቅሁ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጁን ይዤ አወራለሁ። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው!

መቲን ታውቋታላችሁ? በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጫካ፣ ዛፉ ላይ ቀፎ! ዩኔስኮ የማጃንግን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ማሩማ! ጣት የሚያስቆረጥም! እኔ ግን ዘንድሮ ከማሩ ይልቅ በሠሪዋ አብጃለሁ።

አንጎሏ አንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ቢሆን ነው። እዚያች ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ሕዋስ! አስቡት! ሕዋሶቹ በኬሚካል ይነጋገራሉ፤ መልእክቱን የሚይዙት ደግሞ ላያቸው ላይ ያሉት ተቀባዮች ናቸው። ተቀባዮቹን የሚያሠሩት ጂኖች ናቸው። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነስታ በ21 ቀን ክንፍ አውጥታ ትወጣለች። ገና በሰም ተከድና ሳለች ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱ የሆነው የዶፓሚን ተቀባይ ጂኖቿ ሥራ ጀምረዋል። በጨለማ! ማንም ሳያያት!

ቆይ፣ ዋናው ገና ነው! አውራዋ ከመንጋጋዋ እጢ ሽታ ታመነጫለች። ከሽታው ቅመሞች አንዱ ሆሞቫኒሊል አልኮል ይባላል፤ ዶፓሚንን ቁርጥ ነው! በወጣቷ ንብ አንጎል ውስጥ የዶፓሚን ተቀባይ ላይ ጉብ ይላል። የዶፓሚኑን መጠን ይቀንሳል፣ የተቀባዮቹን ጂን ሥራ ሳይቀር ይለውጣል። በጠረን ብቻ!

ከዚያስ? የኒውዚላንዱ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳዩት ነገር እኔን ጨርሶ አሳበደኝ። ንቦቹን አንድ ሽታ እያስሸተቱ በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። የአውራዋ ሽታ ያልደረሳቸው ወጣቶች የተነዘሩበትን ሽታ መፍራት ተማሩ። የደረሳቸው ግን ምንም! ፍርሃት የሚባል ነገር አልያዛቸውም! ስኳር ሲሰጣቸውስ? ወዲያው ይማራሉ! ክፉውን ብቻ ነው የዘጋችባቸው። አይ ብልጠት! ወጣቶቹ አውራዋን ከበው ይልሷታል፣ ያበሏታል፤ የሚያሸሻቸው ነገር የለም። ዕድሜያቸው ገፍቶ አበባ ፍለጋ ሲወጡ ግን ፍርሃትን መማር ይችላሉ። ደግሞም ያስፈልጋቸዋል!

እባካችሁ፣ መቲ ስትሄዱ ማር ገዝታችሁ ብቻ አትመለሱ! ዘመናዊ ቀፎ ያለው አናቢ ፈልጉ። ዓይነ ርግብ ተውሳችሁ ልበሱ። «አውራዋን አሳዩኝ» በሉ። ዙሪያዋን የከበቧትን፣ በአንቴናቸው የሚዳስሷትን እዩልኝ! ዛሬውኑ ተነሱ!